የኩሽናው መከለያና የማንጠግቦሽ ሳፋ

ተረት ተረት! «የላም በረት» የምትሉ፣ ላም ያላችሁ በሉ፤ በየውብዳር ሰፈር ላም የለም። ያለችው አንዲት ፍየል ናት፤ እሷም እስክንደርስባት ትቆየን።

የውብዳር የምትባል ሴት በቤቷ የሰው ልጅ መጠበቅ ጀመረች። ሰፈሩ ከአበባ እርሻው በላይ ነው። እናቶቹ ገና ጎህ ሲቀድ በሰርቪስ ይሄዳሉ፤ ልጆቻቸውን ከነጡጧቸው፣ ከነቅያሪ ልብሳቸው ለየውብዳር ትተው። የምታጎርሰው እሷ፣ የምታጥበው እሷ፣ የምታስተኛው እሷ። ታዲያ እንዲህ ያለ ሥራ ያለፈቃድ አይሆንምና ተቆጣጣሪ መጥታ ቤቱን ልታይ ሆነ። ተቆጣጣሪዋ አስቀድማ መልእክት ላከች፤ «ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ። ከሰል የሚነድበት ኩሽና በሩ ላይ ልጅ የማያልፈው መከለያ ይኑረው። መከለያ ካላየሁ አልፈቅድም፤ ቤቱም ይዘጋል።» ቤቱ ከተዘጋ እናቶቹ ልጅ አዝለው ሰርቪስ አይሳፈሩ!

የውብዳር የፈለገችው እንግዲህ ይህችኑ ነው፤ አንዲት መከለያ። አግዳሚ ወንበር በሩ ላይ ብታጋድም ገና ዳዴ የሚለው ምንተስኖት በስሩ ሾልኮ ምድጃው አጠገብ ተገኘ። እጁ ከመድረሱ በፊት አፈፍ አደረገችው።

ቅዳሜ ማለዳ ቤቷን ጠረገች፤ ወለሉን ወለወለች፤ መጋረጃውን አጥባ ሰቀለች። መጥረጊያው አልጋው ስር ሲደርስ ግን እጇ ተመለሰ። ለምን እንደተመለሰ እሷ ታውቃለች፤ ለእኛ ለጊዜው አትነግረንም። በዚያን ቀን ሌሎቹ ልጆች ከእናቶቻቸው ጋር ነበሩ፤ የምንተስኖት እናት ብቻ ተረኛ ሆና ሥራ ገብታለች። ስለዚህ የውብዳር ምንተስኖትን አዘለችና ወደ አናጢው ወደ ጋሽ ጓንጉል ሄደች።

«እንደምን አደሩ ጋሽ ጓንጉል። ለኩሽናዬ በር አንዲት መከለያ ይሥሩልኝ። መከለያው ካልተሠራ ተቆጣጣሪዋ አትፈቅድም።»

«ጣውላው ይኸው፤ ሚስማሩም ይኸው። መጋዝ ግን የለኝም። ባለወፍጮው ሸጋው ተውሶት በዚያው ቀረ።»

«ታዲያ መልስ አይሉትም?»

ጋሽ ጓንጉል ነውር እንደሰማ ሰው ዞር ዞር ብለው አዩ። «ያዋሱትን ዕቃ መልስ ይባላል እንዴ የኔ ልጅ? ስስታም ልባል? አንቺው ጠይቂልኝ፤ የኔን ስም ብቻ አትጥሪ። ደግሞ ዛሬ ካላመጣሽው ነገ እሑድ ነው፤ በእሑድ እንጨት አልነካም።»

የውብዳር ወደ ወፍጮ ቤት ገሰገሰች። አቶ ሸጋው በዱቄት ነጥቶ ቆሟል፤ ሞተሩ ይጮኻል፤ ሴቶቹ እህላቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። እሷም መጮህ ግድ ሆነባት። «አቶ ሸጋው! መጋዙን መልስ! መጋዙ ካልተመለሰ ጣውላው አይቆረጥም! ጣውላው ካልተቆረጠ መከለያው አይሠራም! መከለያው ካልተሠራ ተቆጣጣሪዋ አትፈቅድም!» ምን ዋጋ አለው፣ «አትፈቅድም!» ስትል ሞተሩ ቀጥ አለ። የመጨረሻዋን ቃል ተራ ጠባቂው ሁሉ ሰማት። «ምኑን ነው የማትፈቅድላት?» አለች አንዷ፤ «ልጅ መጠበቅ አትችልም ተብላ ይሆናላ» አለች ሌላዋ። የየውብዳር ፊት ጋለ፤ ምንተስኖት ግን ጀርባዋ ላይ ሆኖ ይስቃል።

አቶ ሸጋው ጭንቅላቱን አከከ። «መጋዙ ጣራ ላይ ነው። ቅርንጫፍ ስቆርጥ ዝናብ መጣና እዚያው ትቼው ወረድኩ። በማግስቱ መሰላሌን እማማ ስንዱ ተዋሱኝ። እንዴት ብዬ እጠይቃቸው፣ በእናቴ ዕድሜ ያሉ ሰው! አንቺው ጠይቂልኝ፤ የኔን ስም ብቻ አትጥሪ።»

እማማ ስንዱን ጎመናቸውን ሲኮተኩቱ አገኘቻቸው። መሰላሉ በፈረሰው አጥራቸው ላይ ተጋድሟል፤ በወዲያኛው በኩል አንዲት ፍየል በመሰላሉ መሀል አንገቷን አስግጋ ጎመኑን ታያለች።

«እማማ፣ መሰላሉን ይስጡኝ። መሰላሉ ካልተነሳ መጋዙ ከጣራ አይወርድም። መጋዙ ካልወረደ ጣውላው አይቆረጥም። ጣውላው ካልተቆረጠ መከለያው አይሠራም። መከለያው ካልተሠራ ተቆጣጣሪዋ አትፈቅድም።»

«ውሰጂው ልጄ፤ ጎመኔንም አብረሽ ለዚያች ስጫት!» አሉ እማማ ስንዱ ፍየሏን በመኮትኮቻቸው እያሳዩ። «ፍየል ከመድረሷ ቅጠል መበጠሷ ነው። ሻምበል ይሰሯት፤ ያን ጊዜ መሰላሉን አነሳለሁ። እኔ ግን ለጎረቤቴ ‹ፍየልህን እሰር› አልልም፤ አብረን ስንት ዘመን በልተናል። አንቺው ንገሪልኝ፤ የኔን ስም ብቻ አትጥሪ።»

ሻምበል ወልደሰንበት ጡረታ ወጥተዋል እንጂ ድምፃቸው አልወጣም። ያን ሁሉ ጦር ያዘዙ ሰው አንዲት ፍየል ማዘዝ አቅቷቸው በረንዳቸው ላይ ተቀምጠዋል። የውብዳር ገና አፏን ስትከፍት «ቀጥ ብለሽ ቆመሽ ከመጀመሪያው!» አሏት።

እሷም ቀጥ አለች። «ሻምበል፣ ፍየሏን ይሰሩ። ፍየሏ ካልታሰረች መሰላሉ አይነሳም። መሰላሉ ካልተነሳ መጋዙ አይወርድም። መጋዙ ካልወረደ ጣውላው አይቆረጥም። ጣውላው ካልተቆረጠ...»

«ካልተቆረጠስ?»

«መከለያው አይሠራም። መከለያው ካልተሠራ ተቆጣጣሪዋ አትፈቅድም።»

«ግልጽ ነው» አሉ ሻምበል። ቀጥሎ ግን ድምፃቸው አነሰ። «ገመዴ የለም። ልብስ አጣቢዋ ማንጠግቦሽ ማስጫ ላድርገው ብላ ተዋሰችኝ። እኔ ደግሞ ደክማ ለምታድር ሴት ገመዴን መልሺ አልልም፤ ነውር ነው። አንቺው...»

«የእርስዎን ስም አልጠራም» አለች የውብዳር። ይህን ስትል ግን ከንፈሯ ደርቋል።  ወደ ማንጠግቦሽ ቤት የሚወስደው መንገድ አጭር ነበር፤ እሷ ግን እግሯ ተሳስሮ ብዙ ቆየች። ምንተስኖት እንኳ ጉዞው ሰልችቶት አንቀላፋ።

የማንጠግቦሽ ግቢ በልብስ ተሞልቷል። ገመዱ ከግንድ ግንድ ተወጥሮ የሰው ነጠላ፣ የሰው ሸሚዝ፣ የሰው አንሶላ ተሰጥቶበታል፤ የደረቀውም ያልደረቀውም አንድ ላይ።

የውብዳር አንገቷን እንደደፋች ጀመረች። «ማንጠግቦሽ እህቴ፣ ገመዱ ይፈታ። ገመዱ ካልተፈታ ፍየሏ አትታሰርም። ፍየሏ ካልታሰረች መሰላሉ አይነሳም። መሰላሉ ካልተነሳ መጋዙ አይወርድም። መጋዙ ካልወረደ ጣውላው አይቆረጥም። ጣውላው ካልተቆረጠ መከለያው አይሠራም። መከለያው ካልተሠራ ተቆጣጣሪዋ አትፈቅድም።»

«አይ የኔ እህት፣ እኔስ መች ጠላሁ!» አለች ማንጠግቦሽ። «ልብሱን አውርጄ በምን ልያዘው? የሰው ነጭ ልብስ ጭቃ ላይ አላኖር። ሳፋዬ ከጠፋ ወዲህ ባለቤቱ መጥቶ እስኪወስድ ድረስ ገመድ ላይ ይውላል። አንቺ መልሰሽ ከበሬ ላይ ያኖርሽልኝን ሳፋ ያ ቆራሌው አይደል ያነሳው! በሬ ላይ ሌላ ማን አለፈና? ይኸው ከፋሲካ ጀምሮ ሰላምታ ነስቼዋለሁ፤ ለሰፈሩም በራችሁን ዝጉበት ብያለሁ።»

ዞሮ ዞሮ ከቤት ይሉ የለ? ሳፋው ከማንጠግቦሽ በር ላይ ኖሮም አያውቅ። የውብዳር ለልጆቹ ገላ ማጠቢያ ተውሳው ነበር፤ ምንተስኖት ውስጡ ተቀምጦ ሲፈነድቅ ሳፋው ከጠርዙ ተሰነጠቀ። የተሰነጠቀ ዕቃ ይዛ መሄድ አፈረች። ነገ እላለሁ፣ ተነገ ወዲያ እላለሁ ስትል ማንጠግቦሽ ቀድማ ጠየቀቻት፤ ያኔ ደንግጣ «መልሼልሽ የለ? ከበርሽ ላይ ነው ያኖርኩት» አለች። እንዲህ ሆኖ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሆነ፤ ስንጥቁ የእሷ፣ ስሙ የቆራሌው።

«ነጠላዬን ልስጥሽና በሱ ቋጥሪው» አለች የውብዳር።

«ነጠላሽን? ሰኞ እንግዳ አለብሽ፤ ላቆሽሽብሽ? ተይው። የሰው ልጅ የታመነብሽ ሴት ነሽ፤ ምንም ብትቸገሪ ያንቺን ነገር አላበላሽም።»

ይህን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ብትሰድባት ይሻል ነበር። ወደ ቤቷ ተመለሰች። ኩሽናው በሩ እንደተከፈተ ነው፤ ምድጃው ቦታው ላይ ነው። ብታፍር ብታፍር ከሳፋው ይልቅ ያሳፈራት ውሸቷ ነበር፤ ውሸቷ ደግሞ አሁን መከለያው ሊቆም በሚገባው ቦታ፣ በልጅና በእሳት መሀል ገብቶ ቆሟል። ተንበርክካ ሳፋውን ከአልጋው ስር ሳበችው። ምንተስኖት ነቅቶ ሲያየው የገላ መታጠቢያው መሆኑን አውቆ አጨበጨበ።

በጓሮ ብትሄድ የሚያያት አልነበረም። እሷ ግን በዋናው መንገድ ሄደች፤ በወፍጮ ቤቱ ተራ ጠባቂዎች ፊት፣ ምንተስኖትን አዝላ፣ የተሰነጠቀውን ሳፋ በእጇ ይዛ። ተጠቋቆሙባት። እሷ ግን አልቆመችም።

«ማንጠግቦሽ፣ ሳፋሽ ይኸው። አልመለስኩልሽም ነበር። እጄ ላይ ተሰንጥቆ አፍሬ ደበቅሁት። ከበርሽ ላይ አኖርኩት ያልኩሽ ውሸት ነው። ቆራሌው አልወሰደውም።»

ማንጠግቦሽ ሳፋውን ተቀብላ ስንጥቁን በጣቷ ዳሰሰችው።  ከዚያ ከገመዱ ላይ አንድ አንሶላ አውርዳ አጥፋ ሳፋው ውስጥ አኖረች። ሌላም አወረደች። ሁሉም ተቀመጠ።

«ውሃ ይፈስበታል» አለች። «ልብስ ግን አይፈስም። ያኔውኑ ብታመጪው ይበቃኝ ነበር።» ቀና ብላም አየቻት። «በሳፋው አልቀየምኩሽም። ያንን ሰው ግን ሌባ አድርጌዋለሁ። እሱን ምን ልበለው?»

«እኔው እነግረዋለሁ» አለች የውብዳር፤ ይህንንም ስትል አፈረች።

ከዚያማ ሰፈሩ ተፈታ። ሳፋው ልብሱን ያዘ። ልብሱ ገመዱን ለቀቀ። ገመዱ ፍየሏን አሰረ። ፍየሏ ጎመኑን እያየች ቀረች። እማማ ስንዱ መሰላሉን አነሱ። መሰላሉ ጣራው ላይ ተደገፈ። መጋዙ ከጣራ ወረደ፤ ዝጎ ነበርና ጋሽ ጓንጉል «የኔ ልጅ ምን አደረጉህ!» እያሉ ዘይት ቀቡት። መጋዙ ጣውላውን ቆረጠ። ጣውላው መከለያ ሆነ። ፀሐይ ሳትጠልቅ መከለያው ኩሽናው በር ላይ ቆመ። ምንተስኖት እየዳኸ መጣ፣ በግንባሩ ገጨው፣ ተቀመጠና አለቀሰ። የውብዳር እሱን ስታይ ደስ ብሏት አብራው አለቀሰች።

ሰኞ ጠዋት ተቆጣጣሪዋ መጣች። መከለያውን በእጇ ነቀነቀችው፤ አልነቃነቅም አለ። ጎንበስ ብላ አልጋው ስር አየች፤ ባዶ ነው፤ ተጠርጓል። ልክ አፏን ልትከፍት ስትል ከውጭ ድምፅ መጣ፤ «ቆራሌው! ቆራሌው!»

የውብዳር ድምፁን አወቀችው። ዝም ብትል ሰውየው ያልፋል፤ ሌላ ቀን ይመጣል። ግን ሌላ ቀን ስትል ነው ከፋሲካ እዚህ የደረሰችው። «ይቅርታ እሜቴ፣ አንዴ ይጠብቁኝ» ብላ ምንተስኖትን አቅፋ በሩን ከፈተች። በሩም እንደተከፈተ ቀረ፤ የምትለው ሁሉ ቤት ውስጥ ይሰማል።

«ወንድሜ፣ ማንጠግቦሽ ሰላምታ የነሳችህ በኔ ውሸት ነው። ሳፋዋን እኔ ሰንጥቄ ደብቄ፣ አንተ ወሰድከው ተባለ። ይቅር በለኝ።»

ቆራሌው ጆንያውን ከትከሻው አወረደ። «የተሰነጠቀ ሳፋ?» አለ። «እኔ እኮ የተሰነጠቀ ሳፋ በነፃም አልወስድ!» ከዚያ ሳቁን ተወና «ምን በድያት ይሆን እያልኩ ስንት ቀን በዚህ አለፍኩ» አለ። «እግዜር ይቅር ይበልሽ። አሁንስ ማንጠግቦሽን ሄጄ ሰላም ልበላት?»

«በላት፤ እየጠበቀችህ ነው» አለችው።

ዓይኗን ከመሬት ሳታነሳ ተመለሰች። ፈቃዱ እንደቀረባት እርግጠኛ ነበረች። ተቆጣጣሪዋ መከለያው አጠገብ ቆማለች።

«አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር» አለች። «‹ልጅ እጅሽ ላይ ቢጎዳ ለእናቱ ትነግሪያለሽ ወይስ ትደብቂያለሽ?› ብዬ ሁሉንም እጠይቃለሁ። ሁሉም እነግራለሁ ይለኛል። አንቺን አልጠይቅሽም።»

ሳፋው ባይወጣ ልብሱ አይወርድ፣ ገመዱ አይፈታ፣ ፍየሏ አትታሰር፣ መሰላሉ አይነሳ፣ መጋዙ አይወርድ፣ ጣውላው አይቆረጥ፣ መከለያው አይሠራ ነበር፤ ሳፋው ወጣና ተቆጣጣሪዋ ፈቀደች።

እኔም ተረቴን ጨረስኩ። አፌን በዳቦ ማበሱ ይቅርባችሁ፤ ይልቅ ከአልጋችሁ ስር ያለውን የጎረቤት ዕቃ፣ ቢሰነጠቅም፣ መልሱ።