«በሞቴ» እየተባለ የጠጣው ተማሪ

አንድ ልጅ ነበር፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሁለተኛ ዓመት። ሰው አክባሪ ነው፤ ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ የሚል። እቤት ሲያድግ የተማረው አንድ ነገር አለ፦ ሰው «በሞቴ» ብሎ ከለመነህ እምቢ አይባልም። ጠግበህም ቢሆን አንዲት ጉርሻ ትጎርሳለህ። እናንተስ እንዲሁ አይደል ያደጋችሁት?

ይህን አስተዳደግ ይዞ ዶርም ገባ። እዚያ ይርጋ የሚባል ተመራቂ ተማሪ ነበር። ክፉ እንዳይመስላችሁ፤ ደግ ልጅ ነው፣ ታናናሾቹን ያስጠናል፣ የታመመ ያስታምማል። ቅዳሜ ከሰዓት ግን የዶርሙን ልጆች ሰብስቦ ከግቢው በር ፊት ለፊት ወዳለችው ግሮሰሪ ይወስዳቸዋል። ልጃችን አልጠጣም አለ። ይርጋ ብርጭቆውን አፉ ድረስ አስጠግቶ፣ በሞቴ አንዴ ፉት በልልኝ አለው። ፉት አለ። ምን ያድርግ? በሞት ተለምኖ!

በሳምንቱ ሲጋራ መጣ። በሞቴ አንዴ ሳብ። ሳበ፣ ሳለ፣ ሳቁበት። ከዚያ ወዲያማ ለማኝም አላስፈለገው። ጠዋት ሲጋራ፣ ከሰዓት ቢራ፣ ሲመሽ አረቄ። ክፍል መግባት ተወ። ውጤቱ ወረደና ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ በሚቀጥለው ሴሚስተር ካላሻሻለ ይባረራል። ትንፋሽም ያጥረው ጀመር። ዶርሙ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው መሐል ላይ ቁጭ ብሎ ያርፋል። ሃያ ዓመት እንኳ ያልሞላው ልጅ! እኔን ያናድደኛል፤ አልደብቃችሁም።

ክሊኒክ ሄደ። ሐኪሟ መረመረችውና፣ እየመጣህ እየታየህ ሁለቱንም ተው፣ ካልተውክ ትምህርትህም ይቀራል፣ ዕድሜህም ያጥራል አለችው። ተወ። አሥራ አንድ ቀን እንቅልፍ እያጣ ቻለው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የይርጋ ልደት ሆነ። እንዴት ይቀራል? ያስጠናው ወንድሙ ነው። ግሮሰሪው ሄዶ ለስላሳ አዘዘ። ይርጋ አየው፤ ብርጭቆ ሞልቶ ይዞ መጣና በሰው ሁሉ ፊት አስጠጋለት።

«በሞቴ» አለው።

ልጁ ብርጭቆውን በመዳፉ ከደነው።

«ሞቴን ናቅኸው?» አለ ይርጋ።

«አዎ፣ ናቅሁት። ያንተንም ሞት ናቅሁ፣ የራሴንም ናቅሁ። እኔ መኖር ነው የምፈልገው።»

ተነሥቶ ወጣ።

የዶርሙ ልጆች አኮረፉት። ካፌ ሲገባ ከጠረጴዛው ይነሣሉ፤ ዶርም ሲገባ ወሬው ይቆማል። ትዕቢተኛ የሚል ስም ወጣለት። ሴሚስተሩን እንዲህ ጨረሰው፤ ፈተናውን አለፈ፣ አልተባረረም። ይርጋ ታረቀው ብላችሁ ደስ ይላችሁ ነበር። አልታረቀውም።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፤ ወዴት ታያላችሁ? ከመካከላችሁ ስንቶቻችሁ ናችሁ መጠጡን ሳትወዱ የምትጠጡት? ስንቶቻችሁ ናችሁ ጓደኛ እንዳይቀየማችሁ ብላችሁ ሳንባችሁን የምታቃጥሉት? እናንተ ጨዋነት ትሉታላችሁ። እኔ አጉል ይሉኝታ ነው እላለሁ። ልጆቻችንን ፈጀብን እኮ! እናንተም አባቶች፣ እናንተም እናቶች፣ በበዓል ቀን ልጁን «በሞቴ ጠጣልኝ» የምትሉት፣ መጀመሪያ ያስለመዳችሁት እናንተ ናችሁ።

እስቲ ልጠይቃችሁ፦ «በሞቴ» እያሉ ከሚያጠጧችሁ ማን ሞቶላችሁ ያውቃል? ጉበታችሁ ሲያብጥ ማን አልጋችሁ ላይ ይተኛላችኋል? ከትምህርት ስትባረሩ ሻንጣችሁን ይዞ ከወላጆቻችሁ ፊት ማን ይቆምላችኋል?

በእውነት በመስቀል ላይ የሞተላችሁ አንድ ነው። በሞቱ መለመን የሚገባው እሱ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ ኑሩልኝ ነው ያላችሁ፤ ሕይወት እንዲበዛላችሁ ነው የመጣው። የእሱን ልመና እምቢ ብላችሁ የግሮሰሪውን እሺ ትላላችሁ?

ነገ ቅዳሜ ነው። ብርጭቆው መምጣቱ አይቀርም፤ ልመናውም መምጣቱ አይቀርም። ያኩርፏችሁ። ትዕቢተኛ ይበሏችሁ። ብቻችሁን ብሉ። እምቢ በሉ፣ ኑሩ።