ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ደብረ ብርሃን

ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ባለ አንድ ሰፈር፣ ሰው ትልቅ ዕቃ ገዝቶ ሲንጎራደድ ካዩት ሽማግሌዎቹ ፈገግ ይሉና «ለመሆኑ ሩቂያን አማክረሃል?» ይሉታል። ወጣቶቹ አብረው ይስቃሉ እንጂ ሩቂያ ማን እንደሆኑ፣ ምን እንዳሉም አያውቁም። እሳቸው የተናገሩት አባባል ግን መነሻ አለው፤ ባለቤትም አለው። ጊዜ ካላችሁ ልንገራችሁ። ባይኖራችሁም ቁጭ በሉ፤ አቦ በዚህ ሙቀት የት ልትሄዱ ነው!

ጋሽ ሸዋንግዛው ዕድሜያቸውን ሙሉ ባቡር ላይ ትኬት ሲቆጣጠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ደግ ናቸው። ከጉርሻቸው ቀንሰው ለመንገደኛ የሚሰጡ ዓይነት። አንድ ነገር ብቻ ነበረባቸው፤ አፋቸው ላይ የመጣ ቀልድ ወደ ኋላ አይመለስም። ባቡር እንኳ ፍሬን ነበረው፤ የእሳቸው ምላስ ግን ምንም አልነበረውም።

የሚኖሩበት ግቢ ሦስት ቤት ነው፤ ቆጣሪው ግን አንድ። ሽቦው በጥንት ጊዜ ተዘርግቶ ከግድግዳው ጋር ያረጀ ስለሆነ ሁለት ከባድ ዕቃ አንድ ላይ አይችልም። ስለዚህ ግቢው የራሱን ሕግ አወጣ። ካውያም ይሁን ምድጃ የሚሰካ ሰው መጀመሪያ በሩ ላይ ወጥቶ «ልሰካ ነው!» ብሎ ይጣራል። «ይሰኩ!» ካሉት ይሰካል፤ «ቆዩማ፣ ካውያ ይዣለሁ!» ካሉት ይጠብቃል። የሕጉ ጠባቂ ጎረቤታቸው እማማ ሩቂያ ነበሩ። እሳቸው ሳይሰሙ በዚያ ግቢ የሚሰካ ነገር አልነበረም።

ጋሽ ሸዋንግዛው አንዲት ልጅ ነበረቻቸው፣ ስምረት የምትባል። ደብረ ብርሃን አስተማሪ ሆና ተመደበችና እዚያው አምሃ የሚባል እንደሷ አስተማሪ አገባች። ሠርጉ ድሬዳዋ ነበር፣ ያውም በግንቦት። ደገኛው ሙሽራ በሱፍ ልብሱ ውስጥ ላቡ ሲንቆረቆር ጋሽ ሸዋንግዛው አዩና፣ ያ ሁሉ እድምተኛ በተቀመጠበት፣ «አቦ፣ ይሄ ሙሽራ ቅቤ ነው እንዴ! ጥላ ሥር አስቀምጡልኝ እንጂ፤ ልጄን ይዞ ሳይወጣ ቀልጦ ያልቃል!» አሉ። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ስሙም በዚያው ተለጠፈ፤ የሰፈር ልጆች ሳይቀሩ «ቅቤው! ቅቤው!» እያሉ እስከ መኪናው ድረስ ሸኙት። አምሃ ፈገግ አለ። ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ድሬን አልረገጠም።

ስምረት አረገዘች። የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት መወለዱ የታወቀ ነውና እናቷ እትዬ ዘነቡ የገንፎውን እህል አስለቅመው ጨርሰው ነበር። ሰባተኛ ወሯን ስትይዝ ስልክ ደወለች።

«አባዬ፣ የድሬ ሙቀት ይከብደናል። እዚሁ ብወልድ ሳይሻል አይቀርም» አለች።

ጋሽ ሸዋንግዛው ስልኩን ዘጉ። ያን ቀን ምሳም አልበሉ። አንድ ልጅ ወልደው፣ እልልታው የወንድ ሰባት ይሁን የሴት ሦስት፣ ከሩቅ በስልክ ሊነገራቸው ነው።

«ሙቀት ነው ያለችው?» አሉ በመጨረሻ። «እንግዲያው ሙቀቱን ከዚህ ቤት እኔ አስወጣዋለሁ!»

«ሸዋ፣» አሉ እትዬ ዘነቡ፣ «ነገሩ ሙቀቱ ብቻ አይመስለኝም። እስቲ ልጅቱን ረጋ ብለህ ጠይቃት።»

«ምኑን ነው የምጠይቃት? ነገረችኝ እኮ!»

ዚያድ የሚባል የአየር ማቀዝቀዣ፣ ማለትም የኤሲ ጠጋኝ አስጠሩ። ዚያድ ክፍሉን በእርምጃ ለካ፣ የሶኬቱን ክዳን ፈታ፣ ወደ ውስጥ አየና ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሽ ሸዋ፣ ለዚች ክፍል ትንሿ ኤሲ ትበቃለች። እሷም ብትሆን ከቆጣሪው ጀምሮ የራሷ ወፍራም ሽቦ፣ ጭነት ሲበዛ መብራቱን የሚቆርጥ የራሷ ብሬከር ያስፈልጋታል። እዚህ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ አይባልም፣ ወላሂ ክር ነው። አራት ቀን ስጡኝና አስተካክዬ ልስቀልልዎ።»

«ትንሿ? ለልጄ ትንሿን?» ጋሽ ሸዋንግዛው ተቆጡ። «ደግሞስ ይሄ ቤት እኔን ሠላሳ ዓመት የቻለ፣ አንዲት ማቀዝቀዣ ያቅተዋል?»

በማግስቱ፣ ዕቃውን እየቀየረ ካለ አንድ ሆቴል፣ አዳራሽ ስታቀዘቅዝ የኖረች አሮጌ የመስኮት ኤሲ አገኙ። ትንሿ በምትሸጥበት ዋጋ ትልቋን! ደስታቸው ወሰን አጣ። አራት ሰው ተሸክሞ አመጣት፤ ግንበኛ ጠርተው ግድግዳ አስነደሉና አስገቧት። ጠዋት ግቢው ጭር ሲል ሞከሯት። አምፖሉ ደከመ፣ ፊውዙም ተቃጠለ። ታዲያ ዚያድን ቢጠሩ ምን ነበረበት? የለም። በገዛ እጃቸው ፊውዙን ከፍተው ወፍራም ሽቦ ጠቀለሉበት። «አሁን ይቃጠል እንደሆነ አያለሁ!» አሉ። ኤሲዋም ዐሥር ደቂቃ ሠራች። ይሄኔ ስልካቸውን አነሱ።

«ስምረትዬ፣ ደብረ ብርሃንን ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬልሻለሁ! ነይና እዪው፤ ካልበረደሽ ተመለሺ።»

ስምረት ሳቀች። ቅዳሜና እሁድን ከአምሃ ጋር መጥታ ልታየውና እዚያው ልትወስን ተስማማች።

ቅዳሜ ደረሰ። ጋሽ ሸዋንግዛው ቅዝቃዜው እንዳይሾልክ ብለው የመስኮቱን ስንጥቅ ሁሉ በጨርቅ ወተፉ። ልክ ቀትር ላይ ባጃጅ በር ላይ ስትቆም ወደ ሶኬቱ ሮጡ። መጣራት ነበረባቸው። ግን «ልሰካ ነው!» ብለው ቢጮኹ ልጃቸው ትሰማለች፤ ድንገት በር ከፍታ ብርዱ እቅፍ እንዲያደርጋት ነው የፈለጉት። «ለዛሬ ብቻ» አሉና ሰኩት።

እማማ ሩቂያ በዚያች ሰዓት ካውያ ይዘው ነበር።

ኤሲዋ አጓራች፤ አንዴ ቀዝቃዛ ትንፋሽ ተነፈሰች። ከዚያ ግድግዳው ውስጥ አንድ ነገር ተንጣጣ፤ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተ፤ ከሶኬቱ ጥቁር ጭስ ወጣ። እትዬ ዘነቡ «ኧረ በማርያም!» ብለው ጮኹ። እማማ ሩቂያ ካውያቸውን እንደያዙ ወጥተው ወደ ቆጣሪው ሮጡና ዋናውን ማጥፊያ አወረዱት።

«ማነው ሳይጣራ የሰካው?»

የግቢው መብራት በሙሉ ጠፋ። ስምረት ሆዷን በእጇ ደግፋ በሩን ስትከፍተው ያ ሁሉ ተወትፎ የቆየ ሙቀት ፊቷ ላይ መጣባት። ከኋላዋ አምሃ ሁለት ሻንጣ ይዞ፣ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ተጣብቆ ቆሟል።

ዚያድ ተጠርቶ መጣ። አምሃ ሻንጣውን አስቀምጦ፣ ማንም ሳይጠይቀው ወንበሩን ያዘለት። ዚያድ ወንበሩ ላይ ወጥቶ ፊውዙን ፈታና ወደ ታች አየ።

«ይሄን ሽቦ ማነው የጠቀለለው?»

ጋሽ ሸዋንግዛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ ነኝ።»

«ጋሽ ሸዋ፣ ፊውዝ እኮ የሚቃጠለው ቤቱ እንዳይቃጠል ነው! እማማ ሩቂያ ባይደርሱ ልጅዎን በእሳት ነበር የሚቀበሏት።»

ጋሽ ሸዋንግዛው ያን ያህል አፍረው አያውቁም። ያፈረ ሰው መደበቂያ ይፈልጋል፤ የእሳቸው መደበቂያ ደግሞ ቀልድ ነው። ዓይናቸው አምሃ ላይ ዐረፈ፤ ላቡ ከአፍንጫው ጫፍ ጠብ ጠብ ይላል። ምላሳቸው በለመደው መንገድ ሄደ።

«ያው እንግዲህ፣ ቅቤያችን ዛሬም…»

«አባዬ!» አለች ስምረት። «እኛን ያስቀረን ሙቀቱ አይደለም። እኔ እዚህ ተወልጄ ያደግኩ ሰው ነኝ፤ ሙቀት መቼ ፈርቼ አውቃለሁ? ያስቀረን ይቺ ስም ናት። ልጄ እዚህ ግቢ ውስጥ አባቱ ሲሳቅበት እየሰማ እንዲያድግ አልፈልግም። እንዳይከፋህ ብዬ በሙቀት አመካኘሁ። አንተ ደግሞ ሄደህ ይሄን ሁሉ ብረት ገዛህ!»

ጋሽ ሸዋንግዛው ግድግዳው ላይ ያለችውን ኤሲ አዩ፣ የጠቆረውን ሶኬት አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጃቸው ቤቷን የናፈቀችው በእሳቸው አፍ ምክንያት መሆኑ ሲገባቸው እንባቸው መጣ። ከትከሻቸው ላይ ፎጣቸውን አወረዱና ወደ አምሃ ሄደው፣ እንደ ሕፃን ልጅ ግንባሩን ጠረጉለት።

«ልጄ፣ የኔ አፍ ድሮም ፊውዝ የለውም። ይቅር በለኝ።»

አምሃ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሊስም ሲል ያዙት። «አባባ፣» አለ ቀስ ብሎ፣ «እኔ እኮ ሙቀቱን እችለዋለሁ።»

እትዬ ዘነቡ ይሄን ሲሰሙ ማልቀስ ጀመሩ። እማማ ሩቂያም አለቀሱ፤ ግን ካውያውን አልለቀቁም።

ሲመሽ ግቢው ላይ ውሃ ተረጨ፣ አልጋዎቹ ወደ ውጭ ወጡ፣ ሦስቱም ቤት አንድ ላይ ራት በላ። እሁድ አምሃ ሰኞ ስለሚያስተምር ብቻውን ተመለሰ። ስምረት ቀረች።

ዚያድ ያለውን አራት ቀን ወሰደ። የተቃጠለውን አውጥቶ፣ ከቆጣሪው ጀምሮ አዲስ ወፍራም ሽቦ ስቦ፣ ብሬከር ገጥሞ፣ ትንሿን ሰቀለ። የተነደለውም ግድግዳ ተደፈነ። ጋሽ ሸዋንግዛው አሁን መጣራት እንደማያስፈልጋቸው ቢነገራቸውም አልሰሙም፤ በር ላይ ወጥተው «ልሰካ ነው!» አሉ። ግቢው በአንድ ድምፅ «ይሰኩ!» አላቸው።

ከሁለት ወር በኋላ እልልታው ሦስት ሆነ። ጋሽ ሸዋንግዛው በር ላይ ቆመው በገዛ ጆሯቸው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ቆጠሩ። ሴት ልጅ!

በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ የአምሃ አባት ከደብረ ብርሃን መጡ። ወፍራም ጋቢ ደርበው፣ ፊታቸው ቀልቶ፣ ላባቸው እየወረደ በሩ ላይ ሲታዩ ግቢው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ጋሽ ሸዋንግዛውን አየ። እሳቸው ከንፈራቸውን ነከስ አደረጉ፤ ፎጣ አቀበሏቸውና ከትንሿ ኤሲ ፊት ለፊት አስቀመጧቸው። እትዬ ዘነቡ ከጓዳ «ተመስገን!» ሲሉ ተሰማ።

እንግዳው ዐረፍ ካሉ በኋላ በበሩ በኩል ወደ ግቢው አዩ። ዛፉ ሥር አንዲት የዛገች ትልቅ ማሽን ተቀምጣለች፤ የእማማ ሩቂያ ዶሮዎች ሰፍረውባታል።

«ያቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ብለው ጠየቁ።

ጋሽ ሸዋንግዛው ሳቁና «እሱን እማማ ሩቂያን ይጠይቁ፤ እኔ አፌን እየጠበቅሁ ነው» አሉ።

እማማ ሩቂያም ሕፃኗን እንዳቀፉ ቀና ብለው፣ «እሷማ ወንድሜ፣ የጋሽ ሸዋ አስተማሪ ናት፤ ትምህርቷም ይሄ ነው፦ ነፋስ ሳትገዛ ቤትህን፣ እንግዳ ሳትጠራ አፍህን ፈትሽ» አሉ።