አሞርዛተር የመረጠው ሰው

«አንድ ሰው ነበረ፤ በሪሞት የምትነዳ፣ ድንጋይ የምትወጣ ትንሽ መኪና የነበረችው» አሉ መምህር አጥናፉ።

ይህን ያሉት ብርነሽ ለጠየቀቻቸው ጥያቄ መልስ ይሆን ዘንድ ነው። ብርነሽ ባሏን ከቀበረች ገና ብዙ አልቆየችም። ዘመድ አዝማዱ እየመጣ «በቃሽ እንግዲህ፣ ጠንከር በይ፣ ልጆችሽ እንባሽን አይዩ» ይላታል። ቢጨንቃት ወደ ቀድሞ አስተማሪዋ ሄደችና «መምህር፣ ሰው ጠነከረ የሚባለው ሐዘኑ አልሰማው ሲል ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። እሳቸውም እንዲህ ሲሉ ነገሯት።

ሰውየው ልብስ ሰፊ ነበረ። መኪናዋ ከጫማ ካርቶን አትበልጥም፤ ጎማዎቿ ግን ወፍራምና ጥርሳም ናቸው። በየጎማዋ ላይ አሞርዛተር አላት። አሞርዛተር ማለት ጎማው ድንጋይ ሲመታው ምቱን የሚቀበል፣ ከውጭ ሞላ የተጠመጠመበት፣ ከውስጥ ዘይት ያለበት ትንሽ ቱቦ ነው። ልብስ ሰፊው እሁድ እሁድ ከከተማው ጫፍ ወዳለው የድንጋይ ክምር ይሄድና መኪናዋን ሲያወጣ ሲያወርድ ይውላል። ሰፈርተኛው «ጢም አብቅሎ ይጫወታል» እያለ ይስቅበታል። ሚስቱ እናኑም ትስቃለች፤ እሷ ግን አጠገቡ ተቀምጣ እያየች ነው።

አሞርዛተር ሲመርጥ ሁልጊዜ ግትሩን ነበር የሚመርጠው። በጣት ሲጫኑት ንቅንቅ የማይለውን። «ደህና መኪና ቀጥ ብሎ ይቆማል» ይላል። እውነትም ሜዳ ላይ ስትቆም ደረቷን ነፍታ ታምር ነበር። ድንጋይ ላይ ስትወጣ ትገለበጣለች፤ እሱ ግን በድንጋዩ ያሳብባል።

ክረምቱ ሊገባ ሲል እናኑ ቀፎዎቿን ልታይ ወደ ገደሉ ወጣች። ንብ አናቢ ናት። ቀፎዎቿ ያሉት ገደሉን ታክኮ ከሚሄደው ቀጭን መንገድ ማዶ፣ አንድ ዋሻ አፍ ላይ ነው። እሷ ማዶ እንደደረሰች ተራራው ተናደ። እሷን ሳይነካ መንገዱን ጠርጎ ወሰደው። በእሷና በሰው መካከል የቀረው ተዳፋት ላይ የተከመረ፣ ገና ያልረጋ ድንጋይ ብቻ ሆነ። ከሥሩ ሸለቆ ነው።

አገሩ ተሰበሰበ። አንድ ጎልማሳ ሊሻገር እግሩን ሲያሳርፍ ድንጋዩ ከሥሩ መንሸራተት ጀመረና በቀበቶው ጎትተው አወጡት። ገመድ ቢወረውሩ አልደርስ አለ። ሰማዩ ጠቁሯል። ዝናብ ከወረደ የቀረውም እንደሚሄድ፣ ዋሻውም እንደማይተርፍ ሁሉም ያውቃል።

ያን ጊዜ እናኑ ከማዶ ተጣራች።

«አንተ ሰው! ቆመህ ታየኛለህ? ያቺን መጫወቻህን አምጣ እንጂ! ክር አስረህ ስደዳት፣ በክሩ ገመዱን እስበዋለሁ!»

ልብስ ሰፊው ሮጠ። መኪናዋንና የዕቃ ሣጥኑን ይዞ ተመለሰ፤ ከኋላዋ ጠንካራ የናይለን ክር አሰረና ለቀቃት። ጥቂት እንደሄደች የፊት ጎማዋ ድንጋይ ወጣ። ግትሩ አሞርዛተር አልታጠፍ ሲል መላ አካሏ አብሮ ተነሣ፤ ሌላው ጎማዋ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ በክብደቷ ሁሉ ተመልሳ ወደቀች። የወደቀችበት ድንጋይ ተንሸራተተ፤ እሱ ሌላውን ገፋ፤ ክምሩ እያጓራ ወደ ሸለቆው ወረደ። ማዶ እናኑ ከዋሻው ግድግዳ ጋር ተጣበቀች።

መኪናዋን በክሩ ስቦ መለሳት። ለዓመታት ያላየውን አሁን አየው። ጎማው እሺ ስለማይል እያንዳንዱን ምት መላዋ መኪና ትቀበለዋለች፤ ተቀብላም መልሳ በድንጋዩ ላይ ትጥለዋለች።

መሬት ላይ ተቀመጠና ግትሮቹን ፈታቸው። ከሣጥኑ ሌላ አወጣ፤ ዘይቱ የፈሰሰ፣ ሞላው ብቻ የቀረ ነው። ተጭኖ ቢለቀው እንደ ፌንጣ ዘለለ። «ይሄስ ይወረውራታል» ብሎ አስቀመጠው። ከሣጥኑ ሥር፣ ልፍስፍስ ናቸው ብሎ የጣላቸውን አገኘ። ሞላቸው ለስላሳ፣ ዘይታቸው ወፍራም ነው። አንዱን በአውራ ጣቱ ተጫነው። ሳይከራከር እስከ ታች ወረደ። ለቀቀው። ሳይቸኩል፣ ሳይዘል፣ ቀስ እያለ ወደ ቦታው ተመለሰ።

አራቱንም ገጠማቸው። መኪናዋ ዝቅ ብላ ተቀመጠች። ከኋላው አንዱ፣ «ይህቺማ ተኛች! የተኛች መኪና ምን ትወጣለች?» አለ። ልብስ ሰፊው ሪሞቱን አነሣ። ለቀቃት።

ከዚያ የሆነውን ያዩ ሰዎች ዛሬም ሲያወሩት ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። አንዱ ጎማ ድንጋይ ላይ ሲወጣ ሌላው ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፤ ሦስተኛው ይታጠፋል፣ አራተኛው ይዘረጋል። ከላይ ያለው አካሏ ግን ሙሉ እንስራ እንዳዘለ ሰው ረግቶ ይሄዳል። ጎማዎቿ ከድንጋይ ድንጋይ ሲያልፉ አንዱንም አልለቀቁ፤ እየዳበሱ የሚያባብሉት ይመስላሉ። ጠጠር እንኳ አልተንከባለለም። አንዲት አሮጊት አማተቡ። ያ «ተኛች» ያለው ሰው ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። ልብስ ሰፊው ሪሞቱን በእጁ ይዞ፣ የገዛ መኪናውን ገና ዛሬ የሚያያት መሰለው፤ የሚነዳት እሱ መሆኑንም ረሳው።

ማዶ ስትደርስ እናኑ ብድግ አድርጋ ታቀፈቻት። ክሩን ሳበች፤ ክሩ ገመዱን አመጣ። አንዱን ጫፍ ከቋጥኝ ጋር አሰረች፤ ወዲህ ያሉት ሌላውን ከአንድ ዋርካ ግንድ ጋር ወጠሩት። ወገቧን በነጠላዋ ከገመዱ ጋር አስራ፣ መኪናዋን ጉያዋ ከትታ፣ እግሯ ድንጋዩን ሳይነካ ተንጠልጥላ ተሻገረች። ባሏ ሲቀበላት ዝናቡ ጀመረ። ጥርሷ እየተንገጫገጨ፣ «እንዴት እንደመጣች አየሃት?» አለችው። ወዲያው ዋሻው ከነቀፎዎቹ ወደ ሸለቆው ወረደ።

መምህር አጥናፉ ይህን ተናግረው ወደ ብርነሽ ዞሩ።

«ልጄ፣ ዘመዶችሽ ስለሚወዱሽ ግትሩን ይመርጡልሻል። አትታጠፊ ይሉሻል። የማይታጠፍ ሰው ግን ምቱን የሚያበርድበት የለውም፤ አንድ ቀን በልጆቹ ላይ ይወድቅበታል። እንደ ዘይት አልባው ሞላ እንዳትዘዪም እፈራልሻለሁ፤ ዛሬ አልቅሶ ነገ ምንም እንዳልሆነ የሚስቅ ሰው መሬት አልያዘም። ሐዘኑ ሲመጣ ውረጂ፤ እስከ ታች ውረጂ፤ ልጆችሽም ይዩሽ። የሚመልስሽን እግዚአብሔር ውስጥሽ አኑሮታል፤ ሥራው ዝግ ያለ ነውና አታጣድፊው። እኔ ሰው ሆኜ ሳስበው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል፤ ከዚያ ሁሉ ጥልቀት ተመልሶ ቀና የሚል ነገር በዚህ በስስ ደረት ውስጥ መኖሩ።»