ዓፊያ ያነሰችበት ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ ትንሽ ነገር መለመን የሚያሳፍረው።

«ስንት ትልቅ ነገር እያለ፣ ዱዓ ስናደርግ ሁልጊዜ ዓፊያን፣ ጤናና ደኅንነትን፣ የምናስቀድመው ስለ ምንድን ነው?» ብለህ፣ ደረሳዬ፣ በትምህርታችን መካከል ጠይቀኸኛል። እኔም ከዚህ ሰው ታሪክ ሌላ መልስ አላውቅም። ሰውዬው ገበሬ ነው። አራት በሬ፣ አንዲት ላም፣ ከወንዝ ዳር የተንጣለለ ማሳ፣ ዘሀራ የምትባል አስተዋይ ሚስት ነበሩት። ልጅ ብቻ አልነበራቸውም። ጤናው ሙሉ፣ ጎተራው ሙሉ፣ ጎረቤቱ ደግ። ባጭሩ ስለ እሱ የሚወራ ምንም ነገር አልነበረም፤ ይህም እንቅልፍ ይነሳው ነበር።

በአገሩ አንድ ልማድ አለ። በዓመት አንዴ፣ ታኅሣሥ ላይ አዝመራው ሲገባ፣ መንደርተኛው ከትልቁ ወርካ ሥር ለወዳጃ ይሰበሰባል። ወዳጃ የጋራ ዱዓ ነው፤ እያንዳንዱ በተራው ተነሥቶ መዳፉን ይዘረጋል፣ ጉዳዩን ጮክ ብሎ ለአላህ ያቀርባል፣ የተሰበሰበው ጀማዓ «አሚን!» ይልለታል። የአገሬው ልመና መቼም የታወቀ ነው። አንዱ ዓፊያ ይላል። ሌላው ዓፊያና ዝናብ ይላል። አንዲት አሮጊት ደግሞ ዓፊያ ለጉልበቴ ትላለች።

ሰውዬው ይህን በሰማ ቁጥር ፊቱን ያጨማድዳል። «በሰማይና በምድር ጌታ ፊት ቆሞ ጉልበት! ንጉሥ ግቢ ገብቶ ጨው እንደ መለመን ነው» ይላል።

እናም አንድ ዓመት ተራው ሲደርስ ደረቱን ነፍቶ ተነሣ።

«ያ አላህ! የነቢዩ አዩብን ትዕግሥት ስጠኝ!»

ጀማዓው እንዲህ ያለ ዱዓ ሰምቶ አያውቅም። «አሚን!» ሲል ወርካው ላይ ያረፉ እርግቦች በረው ሄዱ። ዘሀራ ብቻ ከሴቶቹ መካከል አቀርቅራ፣ አዩብ ያን ትዕግሥት ያሳዩት በምን በምን አልፈው እንደ ነበር በጣቷ ትቆጥር ጀመር።

ትዕግሥት እንደ እህል ተሰፍራ አትሰጥም፤ በመከራ ጀርባ ተጭና ነው የምትመጣው። በጥር ሁለት በሬ ሞተ። በየካቲት የቀሩት ሁለቱ። በመጋቢት ሰውዬው ከአናቱ እስከ ተረከዙ ቁስል በቁስል ሆነ። ይህ የዱዓው መልስ ይሁን ወይም ሌላ የአላህ ጥበብ፣ እኔ አላውቅም፤ ሰውዬው ግን ቅንጣት አልተጠራጠረም። መደብ ላይ በሆዱ ተኝቶ፣ ሊጠይቀው የመጣውን ሁሉ «አያችሁ? ተሰማሁ!» ይላል።

ዘሀራ ቅቤ እየቀባችው፣ «ምነው ታዲያ፣ ተሰሚው አንተ፣ ቀቢዋ እኔ?» ትለዋለች።

እውነት ለመናገር ሰውዬው ታግሧል። ባይታገሥስ የት ይሄዳል?

በሚቀጥለው ወዳጃ ጠባሳውን ለሰው እያሳየ ተነሣ። «ያ አላህ! የነቢዩ ኑሕን ጽናት ስጠኝ!» አለ። ጀማዓው «አሚን» አለ፤ ማሳቸው ከወንዙ ዳር የሆኑት ጎረቤቶች ግን የኑሕን ዘመን ጎርፍ አስበው ከንፈራቸውን ብቻ ነው ያንቀሳቀሱት።

በሚያዝያ፣ ማንም ወርካ ሥር ቆሞ ሳይጮህበት፣ ዘሀራ ወንድ ልጅ ወለደች። ዐሥር ዓመት ሙሉ ሌሊት ተነሥታ በሹክሹክታ የለመነችው ልጅ ነው። ኑርዬ አሉት።

በነሐሴ ወንዙ ሞላ። ሰውዬው በሰው በሬ ያረሰውን ማሳ ጠራርጎ ወሰደ፤ የጎረቤቱንም አልማረም። ዘሀራ የአራት ወር ልጇን አዝላ እየተንሸራተተች ወደ ኮረብታው ወጣች። ባሏ ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ፍየልና ሁለት ዶሮ ታቅፎ ዛፍ ላይ ከረመ። ጎረቤቶቹ በገመድ ሲያወርዱት፣ መሬት ሳይረግጥ «ጸንቻለሁ!» ብሎ ጮኸ።

«አንተስ ጸንተሃል» አለው ገመዱን የያዘው። «የእኔ ማሽላ ግን ጽናት አልለመነም፤ ሄዷል።»

ሦስተኛው ወዳጃ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ሰውዬው ጓሮ ቆሞ ይለማመድ ነበር። «ያ አላህ! የነቢዩ ኢብራሂምን ጽናት ስጠኝ!» እያለ መዳፉን አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ያደርጋል፤ የትኛው እንደሚያምርበት እየመረጠ ነው። ዘሀራ ልጇን አዝላ ከበር ቆማ ሰማችው።

«አንተ ሰው፣ ኢብራሂም የተፈተኑት በምንድን ነው?»

«በትልቅ ነገር!»

«በምን?»

«በልጃቸው» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «ቢሆንም መጨረሻ ላይ በግ መጥቶላቸዋል እኮ።»

«ለእሳቸው መጣላቸው፤ ነቢይ ናቸው። አንተ በሬህ ሲሞት ምትክ በሬ መጣልህ?»

«አንቺ ሴት፣ ሐሳብሽ ትንሽ ነው። ዘንድሮ ስሜ ከሦስት አገር ነው የሚሰማ!»

ዘሀራ ዱዓ ወደሚመሩት ሸኽ ሮጠች። «አባባ፣ ይከልክሉልኝ፤ ሁለት ልጅ የለኝም» አለቻቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ ሰው ከጌታው ጋር ሲነጋገር መካከል አይገባም። እኔ የማንን አፍ እይዛለሁ?» አሉ። ሦስቱን ቀን እህል አልቀመሰችም። ኑርዬ ባነጠሰ ቁጥር ትደነግጣለች።

ቀኑ ደረሰ። ወሬው ተሰምቶ ከጎረቤት መንደር ሳይቀር ሰው መጥቷል። አባቶች የየራሳቸውን ልጅ ወደ ጉያቸው ሳብ አደረጉ። ሰውዬው ተነሥቶ ጋቢውን አስተካከለ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ መዳፎቹን ዘረጋ።

«ያ አላህ!» አለ።

ያኔ ዘሀራ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። በወንዶቹ መሐል ሰንጥቃ አለፈች። ኑርዬን ከጀርባዋ አወረደችና በተዘረጉት መዳፎች ላይ አስቀመጠችው።

«በል እንግዲህ፣ ዱዓህን ጨርስ» አለችው።

ሰውዬው ዓይኑን ገለጠ። የስምንት ወር ልጅ በመዳፍ ላይ ይከብዳል፤ ደግሞም አይረጋም። «የነቢዩ ኢ…» ብሎ ጀመረ። ኑርዬ ጢሙን ጨበጠ። «የነቢዩ…» አለ እንደገና። ልጁ ጢሙን ወደ አፉ ጎትቶ ሳቀ። ሰውዬው ልጁ እንዳይወድቅበት በሁለት እጁ ጭብጥ አደረገው። ዘሀራ አልተቀመጠችም፤ ዓይኗን ከባሏ አፍ ላይ አልነቀለችም።

«ያ አላህ» አለ፣ ድምፁ እንደ ሕፃን ቀጥኖ። «ዓፊያ።»

ከዚያ ልጁን ደረቱ ላይ ለጥፎ አገር እስኪሰማ ጮኸ። «ዓፊያ! ለልጄ ዓፊያ! ለእናቱ ዓፊያ! ለጎረቤቶቼ ማሳ፣ ለቀረችኝ ፍየል ሳይቀር ዓፊያ!»

ያን ዕለት የተባለውን «አሚን» የሰማ ሰው ዕድለኛ ነው። ማሽላው የሄደበት ጎረቤት እስኪያስለው ድረስ ነው የጮኸው። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

ዓመት አለፈ። ሰውዬው በሚቀጥለው ወዳጃ አንድ ሙክት እየጎተተ ለሰደቃ መጣ።

«ምን ተገኘ?» አሉት።

«ምንም!» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ። «ስሙኝማ! በጥር ምንም አልሆነም። በየካቲት ጭራሽ ምንም! በመጋቢት ልጁ አሳለው… ዝም በሉ… አደረና ተወው! ላሚቱ ጧት ወጣች፣ ማታ ገባች፤ በየቀኑ! ነሐሴ ላይ ወንዙ ሞላ፣ እስከ ድንበሩ ድንጋይ መጣ፣ ተመለሰ!»

ጀማዓው በየወሩ «አልሐምዱሊላህ!» ይላል።

«ሚያዝያን ዘለልክ» አለች ዘሀራ ከሴቶቹ መካከል።

«ሚያዝያማ! በሚያዝያ የሆነውን ብነግራችሁ አታምኑኝም፤ ምንም!»

ስሙም እንዳለው ከሦስት አገር ተሰማ፤ ምንም ያልሆነበት ሰው ተብሎ። ሰው እጁን ለመሳም ይመጣ ነበር ይባላል።

እንግዲህ አንተም ደረሳዬ፣ እንደዚያ ሰው ነህ። ዓፊያ ያነሰችብህ ስለማትጮህ ነው። በሽታ ሲመጣ ስም አለው፣ ቀን አለው፣ ጎረቤት ይሰበሰብለታል። ዓፊያ ግን ከቤተሰቡ ጋር ከአንድ ገበታ ስለምትበላ ማንም ቀና ብሎ አያያትም። ነቢያቱም ቢሆኑ መከራን ለምነው አላመጡም፤ ሲመጣባቸው ቻሉት እንጂ። አዩብ ወደ ጌታቸው የጮኹት እንዲያሽራቸው ነው። ኢብራሂምም አገራቸው ሰላም እንዲሆን ለምነዋል። አንተ ከእነሱ በልጠህ መከራ በመልእክተኛ ልታስጠራ ነው? ትዕግሥቱንም፣ ዕውቀቱንም፣ ጀነቱንም ጠይቅ፤ ማን ከለከለህ። ነገር ግን መዳፍህን ስትዘረጋ ባዶውን ነው ብለህ አታስብ። እናትህም፣ ጎረቤትህም፣ ገና ያልወለድከው ልጅም እዚያው ላይ ተቀምጠዋል። መጀመሪያ እነሱን እያቸው፤ ከዚያ አፍህን ክፈት።