ከአዛን በኋላ የታየችው ፀሐይ

አንድ ሰው ሲሳሳት ብታዩት፣ እሱ ደግሞ እንዳያችሁት ባያውቅ፣ ትነግሩታላችሁ ወይስ ራሱ እስኪናገር ትጠብቁታላችሁ? ብትጠብቁትስ እስከ መቼ? ይሄን ጥያቄ ረመዷን ከገባ ጀምሮ ይዤው እዞራለሁ። ልብስ ሳጥብም፣ ትንሹን ልጄን ሳጠባም አይለቀኝም። መልሱን እስካሁን አላገኘሁትም።

የጥያቄው መነሻ ትልቋ ልጄ ነዒማ ናት። ገና ትንሽ ናት፣ ጾም ግዴታ አልሆነባትም። ዘንድሮ ግን "እኔም እንደናንተ እጾማለሁ" ብላ ተነሳች። አባቷ ደስ አለው። ስናፈጥር አጠገቡ ያስቀምጣትና የመጀመሪያዋን ተምር ለሷ ይሰጣታል። "ዛሬም ጾምሽ የኔ አንበሳ?" ይላታል። "ጾምኩ አባ" ትላለች። እኔ ግን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በመጋረጃው በኩል አይቻታለሁ። ከጀሪካኑ ውሃ ቀዳች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጠጣች፣ ከዚያ ከንፈሯን በቀሚሷ ጠረገች። ውሃ መጠጣቷ አይደለም ያስጨነቀኝ። ልጅ ናት፣ ትጠጣ። ያስጨነቀኝ ከንፈሯን መጥረጓ ነው።

ነገሩን ለአክስቴ ለሐዋ ነገርኳት። አክስቴ አልተቆጣችም፣ እንዲህ አድርጊም አላለችኝም። "ቁጭ በይ፣ የሸህ ኸሊልን ነገር ልንገርሽ" አለችኝ። እሷ ከአባቷ የሰማችው ነው። እንደነገረችኝ አድርጌ ልጻፈው።

በድሮ ጊዜ፣ ተዳፋት ላይ በተሠራች አንዲት የጥንት ከተማ፣ ሸህ ኸሊል የሚባሉ ሙአዚን ነበሩ። ያን ጊዜ ሰዓትም ድምፅ ማጉያም የለም። መግሪብ ሲቃረብ ሸሁ ከመስጂዱ ጣሪያ ላይ ይወጣሉ። ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ ጨርሳ ስትገባ አይተው ይጣራሉ። የላይኛው ሰፈር ሲሰማ ለመካከለኛው ሰፈር ይጮሃል፣ መካከለኛው ለታችኛው። "አዛን ነው! አዛን ነው!" እየተባባለ እስከ ወንዙ ድረስ ይወርዳል። ሸህ ኸሊል ሳይጣሩ በዚያች ከተማ ተምር ወደ አፉ የሚያስገባ ሰው አልነበረም። የሰው ሁሉ ጾም በሳቸው እጅ ያለ አማና፣ አደራ ነበር። ሥራውን የተረከቡት ከአባታቸው ነው።

ቀን ቀን ኮፊያ እየሰፉ ነበር የሚኖሩት። እያደር ግን መርፌው ውስጥ ክር የምታስገባላቸው ሚስታቸው ዘይነባ ሆነች። ዓይናቸው መድከሙን ባልና ሚስት ያውቃሉ፣ አያነሱትም።

አንድ ሌላ ሰው ግን አንስቶታል። ሚፍታህ የሚባል ወጣት ጨርቅ ሻጭ ነበር፣ አፉ የማያርፍ። ገበያ መሃል ቆሞ፣ "ሸሁ ትናንት እኔን 'እንዴት ዋልሽ ልጄ' አሉኝ እኮ! የኔን ጢም ያላዩ ፀሐይን እንዴት ያያሉ?" አለ። ሰው ሳቀ። ሳቁ እየዞረ ሸሁ ጆሮ ደረሰ። ከዚያ ወዲህ ጣሪያው ላይ ሲወጡ ደረጃውን ግድግዳ ሳይደገፉ ለመውጣት ይሞክሩ ነበር ይባላል።

በዚያ ዓመት ረመዷን ክረምት ላይ ዋለ። አንድ ቀን ከዐስር፣ ከከሰዓቱ ሶላት በኋላ ደመና መጥቶ ተራራው ላይ ተኛ። ሸህ ኸሊል ጣሪያው ላይ ሆነው አዩ፣ አዩ፣ ምንም ብርሃን የለም። ሰማዩ ጠቆረ፣ ወፎቹም ዛፋቸው ላይ ሰፈሩ። ፀሐይዋ ገብታለች አሉና ተጣሩ። ድምፃቸው በየሰፈሩ እየተቀባበለ ወረደ። ሰው ሁሉ ቢስሚላህ ብሎ አፈጠረ።

አዛኑን ጨርሰው ተምራቸውን ከኪሳቸው ሲያወጡ፣ ደመናው ከሥሩ ተሰነጠቀ። በደመናውና በተራራው መካከል ፀሐይዋ ቀልታ ብቅ አለች። በደከመ ዓይን እንኳ የምትታይ ነበረች። ሙቀቷ ፊታቸው ላይ አረፈ። ትንሽ ቆይታ ገባች። ከታች ሰው በየቤቱ አንገቱን ደፍቶ ይበላል። ቀና ያለ ሰው አልታያቸውም። ሸሁ ተምሩን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ።

ያን ጊዜ የነበሩ ዑለማዎች፣ የሃይማኖት ሊቆቹ፣ ያስተማሯቸው፣ ሳያውቅም ቢሆን ፀሐይ ሳትገባ ያፈጠረ ሰው ያን ቀን ከረመዷን በኋላ ቀዷ ያወጣል፣ ሌላ ቀን ጾሞ ይተካል ብለው ነው። ሸሁ ይሄን ያውቃሉ። ቢናገሩ ከተማው ሁሉ በሳቸው ምክንያት አንድ ቀን ሊጾም ነው። እሳቸውም ከጣሪያው ሊወርዱ ነው። ዝም ቢሉ ደግሞ ማን ያውቃል?

ቤታቸው ገብተው ተቀመጡ።

"ምን ሆኑብኝ? ሾርባው ቀዘቀዘ እኮ" አለች ዘይነባ።

"ዘይነባ፣ ፀሐይዋን አየኋት።"

"ፀሐይማ ሁልጊዜ ያያሉ። ሥራዎ አይደል?"

"ከአዛኑ በኋላ ነው ያየኋት።"

ዘይነባ ጭልፋውን አስቀመጠች። ሄዳ በሩን ዘጋች።

"ሌላ ሰው አይቷል?"

"አይመስለኝም።"

"እንግዲያው አላህ አይቷል፣ አላህም መሐሪ ነው። ከተማው ሁሉ ቀዷ አውጣ ሊባል ነው? የሚያጠቡትስ? አቅም የሌላቸውስ? ደግሞ ያ ሚፍታህ! እሱ ይሄን ከሰማ ከገበያው ወሬ መቼ ይወጣሉ?"

"ዓይኔ ደክሟል ዘይነባ።"

"እሱንማ መች አጣሁት። ክሩን የማስገባልዎ እኔ አይደለሁም እንዴ?" አለች። እንባዋ መጣ።

በማግስቱ ሸሁ ጣሪያው ላይ ወጡ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። ፀሐይዋ ስትገባ አዩ፣ ግን ዓይናቸውን አላመኑትም። ጠበቁ። ጨለም አለ፣ አሁንም ጠበቁ። ከታች ሰው ተምር ይዞ ወደ ላይ ያንጋጥጣል። ሥጋ ሻጩ ሙሔ፣ "ዛሬ ሸሁ ፀሐይዋን ራት ሊጋብዟት ነው እንዴ?" ብሎ ጮኸ። ሰው ሳቀ። ኮከብ ሲወጣ ነው የተጣሩት። ከዚያ በኋላ ያለውም ምሽት እንዲሁ ሆነ። ሳቁ ቀርቶ ማጉረምረም መጣ። ኢፍጧርን ማዘግየት የተወደደ አይደለም፣ ሸሁም ይሄን ያውቃሉ። ስህተታቸውን ሲደብቁ ትክክለኛውንም ሥራ መሥራት አቃታቸው።

ጁምዓ ደረሰ። ሶላቱ እንዳለቀ ሸሁ ቀድመው ተነሱና ጫማ የሚቀመጥበት በር ላይ ቆሙ። ማንም ሳይሰማቸው እንዳያልፍ ብለው ነው።

"ወንድሞቼ፣ ደመና በነበረበት ቀን ፀሐይ ሳትገባ ተጣራሁ። ከአዛኑ በኋላ በዓይኔ አየኋት። ያን ቀን ቀዷ አለባችሁ። ለሚስቶቻችሁና ለእናቶቻችሁ ንገሩልኝ። እስከዛሬ ዝም ያልኩት ፈርቼ ነው። አውፍ፣ ይቅር በሉኝ።"

መስጂዱ ተንጫጫ። ሙሔ፣ "ወላሂ ያን ቀን ነው በሬ ሲጥለኝ የዋለው፣ እሱኑ ቀን ድገም ልባል?" አለ። አንድ ሽማግሌ ኢስቲግፋር ያደርጋሉ፣ አላህን ምሕረት ይለምናሉ። ሚፍታህ ከኋላ ሆኖ፣ "አላልኳችሁም? ጢሜን ያላዩ..." ብሎ ጀመረ።

ያኔ ኢማሙ ተነሱ። ጦይብ ይባላሉ፣ በዕድሜ ለሸሁ ልጃቸው ይሆናሉ።

"እኔም አይቻታለሁ" አሉ።

ሰው ሁሉ ወደሳቸው ዞረ።

"ግቢው ውስጥ ለሶላት ስታጠብ፣ ውዱእ ሳደርግ ነበር። ውሃው ቀልቶ አየሁት። ቀና ስል ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ ነበረች። ተምር ገና አልቀመስኩም ነበር፣ እስክትገባ ጠበቅኩ።"

"እንዴ! ታዲያ ኢማማችን ዝም አሉን?" አለ ሚፍታህ።

"ቀዷ የሚወጣው ከኢድ በኋላ ነው። እስከ ኢድ ልጠብቃቸው ብዬ ነው። ሸሁ ካልተናገሩ የኢድ ቀን እኔው እነግራችሁ ነበር፣ ሳትሰሙ አትቀሩም ነበር። ግን እሳቸው እንዲቀድሙኝ ዱዓ አደርግ ነበር።"

ሸህ ኸሊል ወደ ኢማሙ ዞሩ። "አውቀህ ኖሯል ጦይብ?"

"አውቅ ነበር አባቴ።"

"ታዲያ ለምን ለብቻዬ አልነገርከኝም?"

"ደጅዎ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። ብነግርዎ ኖሮ የሚናገሩት እኔን ፈርተው ይሆን ነበር።"

ሸሁ ወደ ሰዉ ዞሩ። ከዚያ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ዓይን ያለው ሰው ጣሪያው ላይ ይውጣ" አሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ ሚፍታህን አየ። ሚፍታህ ደነገጠ።

"ኧረ እኔ ድምፄ የፍየል ነው!" አለ።

መስጂዱ ውስጥ ሳቅ ተነሳ። ሸሁም ሳቁ።

"ድምፁን እኔ አወጣለሁ" አሉት። "አንተ አጠገቤ ቆመህ ገባች በለኝ። ጢምህን ባላየውም ቃልህን እሰማለሁ።"

በዚያ ምሽት ሁለቱ አብረው ወጡ። ሚፍታህ ክንዳቸውን ይዞ ደረጃውን አስወጣቸው። ጣሪያው ላይ ሆነው ፀሐይዋን ሲጠብቁ፣ "ሸሁ፣ አውፍ ይበሉኝ" አለ። ቆየና፣ "ግን ማንም እንዳየ አያውቁም ነበር። ምን አናገረዎት?" ብሎ ጠየቀ።

ሸህ ኸሊል እንዲህ አሉት፦ "ስህተቴ የአንድ ምሽት ነበር ልጄ። ዝምታዬ ግን በየምሽቱ አዲስ ሆነብኝ።"

ከዚያ፣ "ገባች?" አሉ።

"ገባች" አለ ሚፍታህ። ሸሁም ተጣሩ።

አክስቴ ይሄን ብላ ተነስታ ሄደች። ምን ለማለት እንደፈለገች አላብራራችልኝም። እኔም መጀመሪያ ታሪኩ ለነዒማ የተነገረ መሰለኝ። እውነት ነው፣ ውሃውን የጠጣችው አንድ ቀን ሊሆን ይችላል፣ "ጾምኩ አባ" የምትለው ግን በየምሽቱ ነው። ያን ውሃ በየምሽቱ እንደ አዲስ ትደብቃለች፣ ልጅ ስለሆነች ክብደቱን አታውቀውም እንጂ ይከብዳታል። አንዳንዴ ተምሩን ስትበላ ቶሎ ቶሎ የምታኝከው ለዚያ ይመስለኛል።

በኋላ ግን ሳስበው እኔስ? እኔም በየምሽቱ እዚያው ተቀምጬ፣ "ጾምኩ" ስትል እየሰማሁ፣ ሾርባ እቀዳለሁ። ባሌ ሲያመሰግናት ፈገግ እላለሁ። የኔም ዝምታ በየምሽቱ አዲስ ነው። ልጄን እየጠበቅኳት ነው ወይስ እኔም እንደ ሸሁ ፈርቼ ነው? ኢማም ጦይብ ቀን ቆርጠው ነበር የጠበቁት። ሸሁ ካልተናገሩ እኔ እናገራለሁ ብለው ወስነው ነበር። ልዩነቱ እዚያ ላይ ይመስለኛል። ቀን ቆርጦ የሚጠብቅ ሰው ለሌላው አዝኖ ነው፣ ቀን ሳይቆርጥ የሚጠብቅ ግን ራሱም የሚደበቅ ነው። እኔ ቀን አልቆረጥኩም።

ብቆጣት ጾምን ትጠላለች ብዬ እፈራለሁ። ለብቻዋ "አይቼሻለሁ" ብላት ደግሞ እኔን ፈርታ ትናገራለች፣ ከዚያ በኋላ የምትማረው ከኔ በደንብ መደበቅን ቢሆንስ? ዝም ብላትስ ምን ሆና ታድጋለች?

ትናንት አባቷ ተምሩን ሰጣት። ወዲያው አልበላችውም። በእጇ ይዛ እኔን አየችኝ። ልትናገር ነው ብዬ ጠበቅኩ። በዚያው ቅጽበት ትንሹ አለቀሰና ተነሳሁ። ስመለስ በልታዋለች።

ኢድ ቀርቧል። አባቷ "ለጾመኛዋ ልጄ" ብሎ ቀሚስ ሊገዛላት ነው፣ ቀለሙንም አስመርጧታል። ያን ቀሚስ ከለበሰች በኋላ መናገር የበለጠ የሚከብዳት ይመስለኛል።

ልጅ ያሳደጋችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ ታላላቆቼ፣ እባካችሁ ምከሩኝ። ቀሚሱ ሳይገዛ ልንገራት ወይስ እስከ ኢድ ዋዜማ ልጠብቃት? ብነግራትስ ከንፈሯን ዳግም እንዳትጠርግ ምን ብዬ ልጀምር?