የአህያ መኪና ምን ጎደላት?

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት መኪና በሚነዱበት ዘመን፣ ከቀይ ዳገት ግርጌ አንድ አህያ ይኖር ነበር። በጉርምስናው ለፍጥነት ብሎ የገዛት ትንሽ የስፖርት መኪና ነበረችው። መኪናዋን የሚጎትቷት የፊት ጎማዎቿ ናቸው፤ የኋላዎቹ ይከተላሉ እንጂ አይሠሩም።

ባለፈው ክረምት የአህያ ውርንጭላ ታመመ። ሐኪሟ ጉሬዛ የምትኖረው ዳገቱ አናት ላይ ነው። አህያ ልጁን የኋላ ወንበር ላይ አስተኝቶ ተነሳ። መኪናዋ ግን ጭቃው ውስጥ እየጮኸች ግማሽ መንገድ ላይ ቀረች። ልጁን በጀርባው አድርጎ በእግሩ ወጣ። ልጁን ግን በሕይወት አላደረሰውም።

ከዚያ ወዲህ አህያ ብዙ አያወራም። ክረምቱ ተመልሶ ሊገባ ሲል ግን መኪናዋን አጠባት። በሰፈሩ ሌላ መኪና የለም፤ የማንም ልጅ ቢታመም ዳገቱን መውጣት ያለባት እሷ ናት። ወደ ገበያ ነዳት።

ገበያው ውስጥ ጅብና ቀበሮ ፊት ለፊት ጋራዥ ከፍተው ነበር።

«ሞተሯ ደካማ ነው፤ ጉልበት ጨምሩልኝ» አላቸው።

«ጉልበት ማለት ሱፐርቻርጀር ነው» አለ ጅብ። «በቺንጋ፣ በዚህ የጎማ ቀበቶ፣ ከሞተሩ ጋር ይታሰራል። ሞተሩ ሲዞር አብሮ ይዞራል፤ አየር እየሰበሰበ ሞተሩን ያጎርሰዋል። ማጉረስ ደግሞ የኔ ሙያ ነው።»

«አያ ጅቦ፣ አንተ ስትጎርስ እንጂ ስታጎርስ ያየህ የለም» አለ ቀበሮ። ወደ አህያም ዞረ። «ወንድሜ፣ የኔ ቱርቦ ይባላል። እሱም አየር ያጎርሳል፤ የሚዞረው ግን ሞተሩ በሚተፋው ጭስ ነው። የሚጣለውን ነው የሚጠቀመው። የሱ ዕቃ ከራሱ ከሞተሩ ጉልበት ይበላል፣ ነዳጅም ይጠጣል። ባለቤቱን መስሏል።»

«ያንተስ ጭሱ እስኪበዛ ተኝቶ አይደለም እንዴ የሚጠብቀው?»

«ይተኛል። ሲነሳ ግን ታየዋለህ።»

«ሁለቱንም እሞክራለሁ» አለ አህያ።

መጀመሪያ ቱርቦው ተገጠመ። ሜዳው ላይ መኪናዋ በረረች።

«ዳገቱስ?» አለ አህያ።

«ዳገቱን እሷ ራሷ ታውቀዋለች» አለ ቀበሮ ከጎኑ ተቀምጦ በመስኮት እያየ።

ጠዋት ዘንቦ ስለነበር ዳገቱ ጭቃ ነው። ጠመዝማዛው ጋ ሲደርሱ አህያ ቀስ አለ፤ ከዚያ ነዳጅ ሰጠ። ምንም የለም። ጨመረ። አሁንም የለም። ከዚያ ጉልበቱ ሁሉ በአንድ ጊዜ መጣ። የፊት ጎማዎቹ ባዶውን ዞሩ፤ መሪው ከእጁ አምልጦ ወደ ቦዩ ጎተተው። ፍሬን ይዞ ለጥቂት ተረፈ። ዞር ሲል ቀበሮ መንገድ ዳር ቆሟል። መቼ እንደወረደ አላየውም።

ከዚያ ቱርቦው ወልቆ የጅብ ሱፐርቻርጀር ተገጠመ። ጅብ ዕቃውን በሙሉ ኃይሉ እንዲዞር አድርጎ አሰረው። እውነትም አልዋሸም፤ አህያ ነዳጅ ገና ሲነካ ጉልበቱ አለ። ጠመዝማዛው ላይ ግን ጎማዎቹ እንደገና ባዶውን ዞሩ። ሞተሩ ጮኸ። መኪናዋ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች።

«ጨምር» አለ ጅብ ከኋላ ወንበር። «አልበቃትም፣ ጨምር።»

አህያ ሞተሩን አጠፋ። ፍሬኑንም ያዘ።

«ባለፈው ክረምትም እንዲህ ጮኾ ነበር» አለ።

«ማን?»

«ሞተሩ። ደክሞ ቢሆን ቀጥ ብሎ ይቆም ነበር እንጂ አይጮኽም። መሬቱን ያልያዘው ጎማው ነው። እኔ ግን ዓመቱን ሙሉ ሞተሩን ስረግም ከረምኩ።»

ቀበሮ ከመንገድ ዳር ቀረበ። ጅብም ከኋላ ወንበር ወረደ።

አህያ ወርዶ መኪናዋን አያት። አፍንጫዋ ወደ ላይ፣ ክብደቷ ወደ ኋላ። ይህን ነገር በገዛ አካሉ ያውቀዋል።

«ጭነት ይዤ ዳገት ስወጣ ሸክሙ ወደ ኋላዬ ይሄዳል፤ የፊት እግሮቼ ይቀልላሉ። እኔ በኋላ እግሮቼ እገፋለሁ፤ ግድ የለኝም። እሷ ግን የምትሠራው በፊት እግሮቿ ብቻ ነው።»

«እግር ልንቀይርላት አንችልም» አለ ቀበሮ።

«እናዞራታለን። መጀመሪያ ግን፣ አያ ጅቦ፣ ዕቃህን አውልቅልኝ።»

ጅብ አወለቀለት። አህያ መኪናዋን አዞረና በኋላ ማርሽ ሽቅብ ነዳት። አሁን የፊት ጎማዎቹ ከታች ሆኑ፤ ክብደቱ ሁሉ እነሱ ላይ አረፈ። ጭቃውን ነከሱት። ትንሽ እንደወጣች ሞተሩ አቃሰተና ሳይጮኽ ቆመ።

አህያ ፈገግ አለ። «አሁን የጎደላት ጉልበት ነው። አሁን እንነጋገር። ቀበሮ፣ ያንተ ዕቃ ለረጅም መንገድ ጥሩ ነው፤ ነዳጅም ይቆጥባል። እዚህ ግን ቀስ ብዬ ነው የምወጣው፤ እስኪነቃ አልጠብቀውም፣ ሲነቃም ያስደነግጠኛል። የአያ ጅቦን እወስዳለሁ። ግን ግማሹን።»

«ግማሽ ምንድን ነው?» አለ ጅብ። ከልቡ ነበር የጠየቀው።

«በልተህ የምታስተርፈው ነው» አለ ቀበሮ።

«እንደዚያ የሚባል ነገር የለም።»

ቀበሮ አህያን በዓይኑ ጠቀሰው። ሱፐርቻርጀሩ ላይ ቺንጋው የሚዞርበት ክብ ፑሊ ትልቅ ሲሆን ዕቃው ቀስ ብሎ ይዞራል፤ ቀበሮ ይህን ያውቃል። «አያ ጅቦ፣ እንግዲያው ትልቁን ፑሊ ግጠምለት።»

«ትልቁን ከሆነ እሺ» አለ ጅብ።

ክረምቱ ገባ። አንድ ዝናባማ ቀን ፍየል ግልገሏን ታቅፋ ወደ አህያ ደጅ ሮጠች።

«አያ አህያ፣ ልጄ ትንፋሹ አጠረ።»

አህያ ግልገሉን ተቀብሎ የኋላ ወንበር ላይ አስተኛው። ዳገቱ ሥር ሲደርሱ ጅብና ቀበሮ መንገድ ላይ አገኟቸው። ጭቃው ከባለፈው የባሰ ነው። አህያ መኪናዋን አዞራት።

«የሞተሩ ክዳን፣ ኮፈኑ ላይ ከባድ ነገር ቢቀመጥ ጎማው የበለጠ ይይዛል» አለ።

ሁሉም ጅብን አዩት።

«በምግብ ምክንያት ስትሰድቡኝ ኖራችሁ» አለ ጅብ እየወጣ፤ ኮፈኑ ላይ ተዘረጋ።

ፍየል ቀስ ብላ «ወደ ኋላ ስትነዳ ጀርባህን ለጅብ ልትሰጠው ነው?» አለች።

«መካከላችን መስታወት አለ።»

«እኔም እወጣለሁ» አለ ቀበሮ። «እሱን የሚጠብቅ ያስፈልጋል።»

«አንተንስ ማን ይጠብቅሃል?» አለ ጅብ።

አህያ አንገቱን ወደ ኋላ አዙሮ መውጣት ጀመረ። ነዳጅ በነካ ቁጥር ጉልበቱ አለ፤ ብዙ አይደለም፣ ግን አለ። ባለፈው ዓመት የቆመችበት ቦታ ሲደርስ ጎማው ሸርተት አለ። ነዳጁን ግን አልጨመረም። ጅብ ሆዱን ወደ ታች ተጫነ። ጎማው ያዘ። መኪናዋ ያንን ቦታ አልፋ ወጣች።

ሐኪሟ ጉሬዛ ነጭ ካባዋን እየሰበሰበች ወጥታ ግልገሉን ተቀበለች። አህያ ውጭ ቆሞ ዳገቱን ቁልቁል ያይ ጀመር። ዝናቡ ሲያባራ ፍየል ወጣች።

«እየተነፈሰ ነው። ሐኪሟ በጊዜ አመጣችሁት አለች።» አጠገቡ ቆመች። «አያ አህያ፣ ያንተ ልጅ ስሙ ማን ነበር?»

ያን ስም ዓመቱን ሙሉ ከአፉ አላወጣውም ነበር።

«ቡላ» አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ልጆች መኪናዋን ቡላ ብለው ጠሯት። በኋላ ማርሽ ሽቅብ ስትወጣ ሲያዩ «ቡላ እየወጣ ነው» ይባባላሉ፤ አህያም ይሰማል።

ከዚህ የምንማረው፣ ዳገት ሲያስቆመን ጉልበት ፍለጋ ከመሮጣችን በፊት እግራችን መሬቱን መያዙን ማየት እንዳለብን፣ ያኔ ጥቂት ጉልበት እንኳ የጎረቤትን ልጅ ይዞ እንደሚወጣ ነው።