ጤዛ ያልረገፈበት ጉብኝት

በሸለቆው ሥርዓት ነበር። አንበሳ ይገዛል፤ ቀበሮ የገዢውን ቃል ያብራራል፤ ሌሎቻችን ዱባ እንተክላለን። አንበሳ ዱባ አይበላም። ስለ ዱባ ሕግ የሚያወጣው ግን እሱ ነበር። ለምን ብሎ የጠየቀ አላውቅም። እኛ ሽኮኮዎች፣ ጦጣዎች፣ ጃርቶችና ሚዳቋዎች በጋውን የምንሻገረው በዚያ ዱባ ነው። ካልያዘ እንሞታለን።

ከሥርዓቱ ሁሉ የሚከበረው የሰኞ ጉብኝት ነበር። ጎሕ ሲቀድ አንበሳ ከታችኛው ማሳ ተነሥቶ እስከ ላይኛው ጓሮ ያልፋል፤ ቅጠሉን ሁሉ በጋማው ይዳስሳል። በረከት ነው ይባል ነበር። ጋማው በጤዛ ይርሳል፤ ውሃው ከአንዱ ጓሮ ወደ ሌላው ይንጠባጠባል።

በመስከረም ማብቂያ በታችኛው ማሳ፣ በጦጣ ዱባ ቅጠል ላይ ቢጫ ነጥብ ወጣ። ገልበጥ ሲያደርጉት ከሥሩ ግራጫ ሻጋታ አለው። በሁለተኛው ሰኞ ሚዳቋ ዘንድ ደረሰ፤ በሦስተኛው እኔ ሽኮኮው ዘንድ። ጉባኤ ተጠራ።

"በሽታ የለም፤ ቅጠሉ ቀለም እየለወጠ ነው" አለ ቀበሮ።

"እኔም በረሃብ ስደርቅ፣ ቀለም ለወጠች በል!" አለች ጦጣ። ጥቂቶች ሳቁ። አንበሳ ቀና ሲል አንገታቸውን ደፉ።

ጎረቤቴ እመት ጃርት ተነሣች። አሮጊት ናት፤ ቃል አታበዛም።

"ጌታችን፣ ይህ ነገር በእርጥብ ይሄዳል። ጤዛው ሳይረግፍ ማንም ጓሮ አይግባ። የታመመውን ቅጠል ቆርጠን ራቅ አድርገን እንቅበረው። ጉብኝቱ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ከጤናማው ይጀምር፤ የታመመው ጋ መጨረሻ ይደረስ። ለከርሞም እዚያው መሬት ላይ ዱባ አንድገም።"

ቀበሮ ድምፁን አለሰለሰ። "እመት፣ በሽታውን የሚያዞረው የጌታችን ጋማ ነው እያሉ ነው?"

ሁሉም ከእመት ጃርት ራቅ ራቅ አለ። እኔም።

"እርጥብ ሁሉ ያዞረዋል። የእኔም እሾህ ጭምር" አለች።

አንበሳ ጋማውን ነሰነሰ። "እንግዲያው የእሷ ጓሮ በረከቱ ይቅርበት" አለ። ለቅጣት መሆኑ ነው።

በጥቅምት ማብቂያ የሸለቆው ቅጠል ሁሉ ተኮማትሮ ደረቀ። የእመት ጃርት ጓሮ ብቻ አረንጓዴ ነበር። አሥራ ሁለት ዱባ ይዟል፤ ለመብሰል ሦስት ሳምንት ይቀረዋል።

"ቅጠሉ እስከዚያ ከቆየልኝ፣ ልጆቹን በጋ ያሻግራቸዋል" አለችኝ በአጥሩ በኩል። "ዘሩንም ለየቤቱ አዳርሳለሁ።"

ሁለተኛ ጉባኤ ተጠራ። አንበሳ አልተቆጣም፤ ያስፈራኝም አለመቆጣቱ ነው።

"እመት ጃርት ልክ ነበሩ" አለ ቀበሮ። "ይህን ያህል ዕውቀት ተደብቆ እንዲቀር ጌታችን አይፈቅዱም። ሰኞ ማለዳ ሁላችንም ሄደን እንማራለን።"

አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብኩ።

ሰኞ ጎሕ ሲቀድ፣ እንደ ሥርዓቱ ከታችኛው ማሳ ተነሥተን፣ የታመመውን ጓሮ ሁሉ እያቋረጥን ወጣን። እስከ ጉልበታችን ርሰናል። እመት ጃርት አጥሯ መግቢያ ላይ ቆማ ነበር።

"ፀሐይ እስክትሞቅ ጠብቁኝ። ሌላ አልለምንም።"

"ጌታችንን ደጅ ሊያስቆሙ ነው፣ እመት?" አለ ቀበሮ።

መግቢያውን የዘጋውን እሾህ ያነሣሁት እኔ ነኝ። ማንም አላዘዘኝም።

አንበሳ በጋማው እየዳሰሰ አለፈ። እኛም ተከትለን ቅጠሉን በእርጥብ እጃችን እየገለበጥን ሥሩን አየን።

"ንጹሕ ነው!" አለች ሚዳቋ። ከልቧ ደስ ብሏታል። ቀጣዩን ቅጠል ገለበጠች።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ቅጠሉ አለቀ። ዱባዎቹ ሳይበስሉ በስብሰው ቀሩ። በዚያ በጋ ሁለት ወንድሞቼን ቀበርኩ። ቀበሮ፣ በረከቱ ዘግይቶ ስለደረሰ ነው ብሎ አብራራልን። እመት ጃርት ግን ከዚያ ወዲያ በጉባኤ አልተናገረችም።

ለከርሞው እዚያው መሬት ላይ ዱባ ተከልን።

አሁን አርጅቻለሁ። ሰኞ ሰኞ፣ ጤዛው ሳይረግፍ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ የአጥሬን እሾህ ለጉብኝቱ አነሣለሁ።